ዋት አሩን፦ በ5 ባት ጀልባ የሚደርሱበት ገዳም

ባንኮክ የሚሄድ ኢትዮጵያዊ ብዙውን ጊዜ ለጉብኝት ብሎ አይደለም ከቤቱ የሚነሳው። ወይ ሸቀጥ ሊያመጣ ነው፣ ወይ ሊታከም ወይም ዘመድ ሊያሳክም ነው፣ አለዚያም ስብሰባ አለበት። ሆኖም በአንዱ ቀጠሮና በሌላው መካከል ባዶ ቀን አይጠፋም፤ ያ ቀን ደግሞ የገበያ ማዕከል ውስጥ ከፎቅ ፎቅ ሲወጡና ሲወርዱ ያልቃል። ያንን ቀን በቻው ፕራያ ወንዝ ዳር ላለው ለዋት አሩን ይስጡት። መንገዱን ከሆቴልዎ በር ጀምሮ እነግርዎታለሁ።

አስቀድሞ ግን አንድ ነገር ይያዙልኝ። ዋት አሩን ሁለት ጊዜ የሚታይ ገዳም ነው፤ አንዴ ከውስጥ፣ አንዴ ከወንዙ ማዶ። ከእግሩ ሥር ሲቆሙ የሚያዩት የእጅ ሥራውን ነው። ቁመናው ከዚያ አይታይም፤ ለእሱ መሻገር ያስፈልጋል። ብዙ ጎብኚ ትኬት ቆርጦ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ ሌላው ግማሽ እንደቀረው ሳያውቅ ይመለሳል። ስለዚህ ዕቅዳችን ጠዋት ከውስጥ፣ ማታ ከማዶ የሚል ነው።

ከአገር ሳይወጡ

ከኢትዮጵያ የሚነሳ መንገደኛ ታይላንድ ሲደርስ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ስለሚጠየቅ ካርዱ ከፓስፖርቱ ጋር ይሁን። ከ2017 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ ማንኛውም የውጭ ዜጋ ከመድረሱ በፊት ባሉት 3 ቀናት ውስጥ በኢንተርኔት የመግቢያ ቅጽ መሙላት አለበት። ቅጹ በነፃ ነው፤ ገንዘብ የሚጠይቅ ድረ ገጽ ካጋጠመዎት የታይላንድ መንግሥት አይደለም፣ ይዝጉት። የቪዛው ደንብ ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያየር አምና የሄደ ጓደኛዎ በነገረዎት አይነሱ።

ገንዘብ በተመለከተ ለዚህ ጉዞ ጥሬ ባት ያስፈልጋል፤ ከተቻለም ዝርዝር። ዶላር የሚመነዝሩ ከሆነ የ50 እና የ100 ኖቶች ከትንንሾቹ የተሻለ ዋጋ ያወጣሉ፤ የተቀደደ ወይም የተጻፈበት ኖት ግን ሊመለስብዎት ይችላል።

ልብስ፣ ሰዓትና ወር

ደንቡ አጭር ነው፤ ትከሻና ጉልበት ይሸፈን። ቁምጣ፣ እጅጌ የሌለው ካናቴራ፣ ገላ የሚያሳይ ስስ ልብስ አይሆንም። ይህ ሕግ ለአበሻ አዲስ አይደለም፤ ከሻንጣዎ ውስጥ ነጠላ ወይም ሻሽ ካለ ይበቃል፤ በር ላይ ጨርቅ ከመከራየት ያድንዎታል። ጫማዎ ማሰሪያ የሌለው፣ ቶሎ የሚወልቅ ይሁን። የቡድሃ ሐውልት ያለበት አዳራሽ ውስጥ በጫማ አይገባም፤ ያም ቢሆን ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ለለመደ ሰው የሚነገር አይደለም።

ገዳሙ በየቀኑ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ክፍት ነው፤ ማስታወቂያው ላይ 8:00 እና 18:00 ተብሎ ነው የሚያገኙት። የሰዓት ነገር ከተነሳ ታይላንዶችም በሰፈር ንግግራቸው ምሽቱን ልክ እንደኛ ከ1 ጀምረው ይቆጥራሉ፤ በጽሑፍ ሲሆን ግን 24 ሰዓት ነው። ዓመቱን ደግሞ ከፈረንጆቹ በ543 አስበልጠው ስለሚጽፉ ሰነድ ወይም ሳንቲም ላይ 2560ዎቹን ቢያዩ አይገረሙ። እኛ 7 ወይም 8 ዓመት ወደ ኋላ ነን፣ እነሱ ገስግሰዋል።

አሩን የሚለው ስም የተወሰደው ከሕንዶቹ የንጋት አምላክ ከአሩና ነው። በሩ የሚከፈተው ፀሐይ ከወጣች በኋላ ስለሆነ ንጋቱን ከውስጥ ሆኖ ማየት አይቻልም። ያም ሆኖ ጠዋት መድረስ ይሻላል። ገዳሙ የቆመው በወንዙ ምዕራብ ዳርቻ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ ስለሆነ የጠዋት ፀሐይ ፊት ለፊት ትመታዋለች፤ ከሰዓት በኋላ ይኸው ፊት ጥላ ይወርሰዋል። ደግሞም ረፋዱ ላይ ሙቀቱና ሕዝቡ አብረው ይመጣሉ። በሩ ሲከፈት እዚያ ይገኙ።

ከወሮቹ ከኅዳር እስከ ጥር ያሉት ደረቅና ከሌላው ጊዜ ቀዝቀዝ ያሉ ናቸው። መጋቢትና ሚያዝያ ያቃጥላል፤ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ይዘንባል። የባንኮክ ዝናብ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ መጥቶ በአንድ ሁለት ሰዓት የሚያልፍ ስለሆነ በክረምቱ ቢሄዱም የጠዋቱ ዕቅድ አይበላሽም።

መንገዱ

የአገራችን ሰዎች የሚያዘወትሩት ናና እና አሶክ አካባቢ፣ ሱኩምቪት መንገድ ላይ ካረፉ ነገሩ ቀላል ነው። ከናና በሰማይ ባቡሩ አንድ ፌርማታ ተጉዘው አሶክ ይውረዱ፤ ከዚያው ጋር ወደተያያዘው ሱኩምቪት የሚባለው የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ይሂዱና ሰማያዊውን መስመር ይያዙ። ሁለቱ ባቡሮች የተለያዩ ድርጅቶች ስለሆኑ ለየራሳቸው ይከፈላሉ፤ የአንዱ ትኬት ለሌላው አይሠራም። ከዚያ ወዲያ መቀየር የለም። ባቡሩ በሉምፒኒ፣ በሲሎም፣ በሁዋ ላምፎንግ፣ በቻይናዎቹ ሰፈር በኩል አድርጎ ሳናም ቻይ ያደርስዎታል።

ሳናም ቻይ እ.ኤ.አ. በ2019 የተከፈተ ጣቢያ ነው፤ ምሰሶና ጣራው የቤተ መንግሥት አዳራሽ መስሎ ስለተሠራ ቀና ብለው ሳያዩ አይውጡ። ባቡሩ ከዚህ ተነስቶ በወንዙ ሥር ሾልኮ ኢሳራፋፕ ይደርሳል፤ እዚያ ወርዶ በእግር ዋት አሩን መድረስም ይቻላል። እኔ ግን አልመክርም። ወንዙን በዋሻ ያለፈ ሰው ዋነኛውን ነገር ዘሎታል።

ከሳናም ቻይ ወጥተው በማሃራት መንገድ ወደ ሰሜን ይሂዱ፤ ወንዙ በግራዎ፣ ዋት ፖ የሚባለው ሌላ ገዳም አጥር በቀኝዎ ይሆናል። ከ10 ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ ታ ቲየን የሚባለው የጀልባ ማቆሚያ ጋ ይደርሳሉ።

ሌላው አማራጭ በሰማይ ባቡር እስከ ሳፋን ታክሲን መጥቶ፣ ከሥሩ ካለው ሳቶርን ማቆሚያ ብርቱካናማ ባንዲራ ያለውን የሕዝብ ጀልባ መያዝ ነው። ዋጋው 16 ባት ገደማ ሲሆን ወንዙን ሽቅብ ወደ ዋት አሩን አካባቢ ይዞዎት ይሄዳል። ትኬት ቆራጯ የሳንቲም ቱቦዋን እያንቋቋች ትመጣለች፤ ከጀልባው ላይ ለመነኮሳት የተለየ ቦታ ስላለ ባዶ ሆኖ ቢያገኙትም አይቀመጡበት። ማቆሚያው አካባቢ በትልቅ ሰሌዳ የቱሪስት ጀልባ ቀድመው የሚሸጡ ሰዎች አሉ። ጀልባቸው መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ዋጋው ግን ከሕዝቡ ጀልባ እጥፍ ድርብ ነው፣ ወንዙም አንድ ነው።

የታመመ ወይም ጉልበቱ የደከመ ሰው ይዘው ከሆነ ጀልባውን ይተዉት፤ ማቆሚያው ውኃ ላይ ስለሚንሳፈፍ ይወዛወዛል፣ ሲሳፈሩም መዝለል ያስፈልጋል። ታክሲ ይያዙና በምዕራቡ በኩል በአሩን አማሪን መንገድ እስከ ገዳሙ በር ይሂዱ። ሾፌሩ ሜትሩን ማብራቱን ያረጋግጡ፤ መነሻው 35 ባት ነው። በጥቅል ዋጋ እንሂድ ካለዎት ይውረዱ፣ ከኋላ ሌላ አለ።

«ዛሬ ዝግ ነው» ለሚልዎት

ከዋናው ቤተ መንግሥትና ከዋት ፖ አካባቢ ልብሱ የጸዳ፣ እንግሊዝኛው የተስተካከለ ሰው ጠጋ ብሎ ወዴት እንደሚሄዱ ይጠይቅዎታል። ዋት አሩን ሲሉት ፊቱን ያኮማትርና ዛሬ የቡድሃ በዓል ስለሆነ እስከ ከሰዓት ዝግ ነው ይላል። ቀጥሎ በጥቂት ባት ከተማውን የሚያዞርዎ ቱክቱክ ይጠራልዎታል፤ ያ የኛው ባጃጅ መሳይ ደግሞ መጨረሻው የከበረ ድንጋይ መሸጫ ወይም የልብስ ሰፊ ሱቅ ነው። ድንጋዩን አገርዎ ወስደው በእጥፍ ይሸጡታል ይባላሉ። አይሸጡትም። ይህ ማታለያ ባንኮክ ውስጥ ለአሥርት ዓመታት የኖረ ነው፤ አሁንም የሚሠራው ሰውየው ጨዋ ስለሚመስል ነው። ለነገሩ በዓል ሲሆን ገዳም ይሞላል እንጂ አይዘጋም፤ ይህን ከኛ በላይ ማን ያውቃል? ፈገግ ብለው አመስግነው በሩ ድረስ በእግርዎ ይሂዱ።

መሻገሪያው

ታ ቲየን ላይ ወደ ዋት አሩን የሚያሻግረውን ጀልባ ይጠይቁ። 5 ባት ከፍለው ይገባሉ። ጉዞው ከ5 ደቂቃ ያነሰ ስለሆነ ወንበር አይፈልጉ፤ ከፊት በኩል ጠርዙን ይዘው ይቁሙ። ግንቡ ከውኃው ላይ እያደገ ሲመጣ የሚያዩት ከዚያ ነው።

እስኪደርሱ ታሪኩን ላጫውትዎ። ገዳሙ ባንኮክ ዋና ከተማ ከመሆኗ በፊትም ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1767 የበርማ ጦር የጥንቷን ዋና ከተማ አዩታያን ሲያፈርስ ታክሲን የተባለው የጦር መሪ የተረፈውን ሠራዊት ሰብስቦ መንግሥቱን እዚህ፣ በምዕራቡ ዳርቻ በቶንቡሪ አቆመ። በጀልባ መጥቶ እዚህ የደረሰው ጎህ ሲቀድ ስለነበር ገዳሙን በንጋት ስም ጠራው ይባላል። ዛሬ በማዶው ቤተ መንግሥት ውስጥ ያለውና ታይላንዶች ከሁሉ አብልጠው የሚያከብሩት አረንጓዴው ቡድሃ እ.ኤ.አ. በ1779 ከላኦስ ከመጣ በኋላ ለጥቂት ዓመታት የተቀመጠው እዚህ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1782 ሥልጣኑን የያዘው ቀዳማዊ ራማ ዋና ከተማውን ወደ ምሥራቁ ዳርቻ ሲያሻግር ሐውልቱም ተከትሎ ተሻገረ።

አሁን ከፊትዎ ያለው ግንብ ግን ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። ዳግማዊ ራማ አስጀመረው፣ እ.ኤ.አ. እስከ 1851 የነገሠው ሣልሳዊ ራማ አስፈጸመው። ቁመቱን አንዱ መጽሐፍ 67፣ ሌላው 82፣ ሌላው 86 ሜትር ይለዋል።

ከውስጥ

የውጭ አገር ሰው መግቢያ 200 ባት ነው፤ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ 100 ስለነበር ተጨምሮ ቢያገኙት አይደንቅም። ትኬቱን ይዘው በቀጥታ ወደ ዋናው ግንብ ይሂዱ፤ ሕዝቡ ሳይበዛ መታየት ያለበት እሱ ነው። ፕራንግ ይባላል፤ ከካምቦዲያ ክመሮች የተወረሰ የግንብ ዓይነት ነው። መካከለኛው የዓለም እምብርት የሆነውን የሜሩን ተራራ ይወክላል፤ በአራቱ ማዕዘን ያሉት ትንንሾቹ ደግሞ ለነፋስ አምላክ የተሰጡ ናቸው።

ቸኩለው አይውጡ። መጀመሪያ ግድግዳው ሥር ጠጋ ብለው ይቁሙ። ከሩቅ የተቀረጸ ድንጋይ የመሰለዎት ሁሉ የሳህንና የስኒ ስብርባሪ ነው። ከቻይና የሚመጡ መርከቦች ሚዛን እንዲጠብቁ ከሥር ሸክላ ይጭኑ ነበር፤ ያ ሸክላ እዚህ ተራግፎ፣ ተሰባብሮ፣ ቁርጥራጩ ከዛጎል ጋር ተደባልቆ አበባና ቅጠል ሆነ። አንዳንዱ አበባ መሃል ላይ የትንሽ ሰሃን ክብ ሳይሰበር ገብቷል፤ ይፈልጉት። ቀለሙ ሲቀርቡት አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ሐምራዊ ሲሆን ከማዶ ግን ሁሉም ተቀላቅሎ ይጠፋል። ጠዋቱን ከውስጥ ያልኩዎት ለዚህ ነው። ነጣ ማለቱን ካስተዋሉ እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2017 ታድሶ ነው፤ ሲያልቅ ከልክ በላይ ነጣ ብለው ያጉረመረሙ የከተማዋ ነዋሪዎች ጥቂት አልነበሩም።

ከዚያ በዙሪያው በተርታ የቆሙትን ይመልከቱ። እርከኖቹን በትከሻቸው የተሸከሙት ግዙፍ ሰዎችና ዝንጀሮዎች ራማኪየን ከሚባለው የታይ ገድል የመጡ ናቸው። ከፍ ብለው ካዩ ባለ ሦስት ራስ ዝሆን ላይ የተቀመጠው ኢንድራ ይታያል። በሁለተኛው እርከን በአራቱ አቅጣጫ ያሉት ትንንሽ ድንኳን መሰል ቤቶች ውስጥ የቡድሃ ሕይወት ከልደቱ እስከ ዕረፍቱ በአራት ተከፍሎ ተቀምጧል።

ደረጃው ቀጥ ያለ ነው፤ ወደ ቆጥ የሚወጡ ያህል ይሰማዎታል። ወደ ላይኛው ክፍል የሚወስደው ለጎብኚ ዝግ ሲሆን የሚፈቀደውን ያህል ወጥተው ወንዙን ከላይ ማየት ይበቃል። ሲወርዱ ፊትዎን ወደ ደረጃው አዙረው መደገፊያውን ይያዙ። ረጅም ቀሚስ የለበሰች ሴት ጫፉን ሰብሰብ ታድርገው።

ከግንቡ በስተሰሜን ሥርዓተ ክህነት የሚፈጸምበት አዳራሽ አለ፤ ኡቦሶት ይባላል። ብዙው ሰው ግንቡን አይቶ ስለሚመለስ ይህ ክፍል ጭር ያለ ነው፤ እርስዎ እንዳይቀሩበት። በሩን ሁለት ባለ ጥርስ ግዙፎች ይጠብቁታል። አረንጓዴው ቶሳካን ሲሆን የራማኪየን ዋና ጠላት ነው፤ ሕንዶቹ ራቫና የሚሉት። ነጩ ሳሃሳደቻ ይባላል። ከውስጥ ፊቱን ዳግማዊ ራማ ራሱ እንደነደፈው የሚነገርለት የቡድሃ ሐውልት አለ፤ የንጉሡም አፅም ከሐውልቱ መቀመጫ ሥር አርፏል። ይህ ለታይላንዶች የመቃብር ያህል ክቡር ቦታ ነው፣ ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ።

ግቢውን የባህል ልብስ የተከራዩ ጎብኚዎች ሞልተውት ያገኛሉ፤ ከቻይና የመጡት ሳይቀሩ የታይ ልዕልት መስለው ፎቶ ይነሳሉ። ነውር የለበትም፤ ልብሱን ከበር ውጪ የሚያከራዩ ሱቆች በርካታ ናቸው። ዋጋና መመለሻ ሰዓት ቀድመው ይስማሙ፣ ፓስፖርትዎን ግን መያዣ ብለው አይስጡ።

መሳለም ግዴታ ነውን?

እዚህ ላይ የሚያቅማማ አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ እኔ ሙስሊም ነኝ፣ ጣዖት ፊት ምን ልሠራ ነው የሚል። መልሱ ቀላል ነው፤ ማንም እንዲሰግዱ፣ ዕጣን እንዲያጨሱ ወይም አበባ እንዲያስቀምጡ አይጠይቅዎትም። ጫማ አውልቆ፣ ኮፍያ አንስቶ፣ ጥግ ይዞ ዝም ማለት ሙሉ አክብሮት ነው። የማይፈቀዱትን ግን ይወቁ።

መቀመጥ ከፈለጉ እግርዎን ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ አጥፈው ይቀመጡ፤ የእግር መዳፍ ወደ ሐውልቱም ሆነ ወደ ሰው መዘርጋት ትልቅ ስድብ ነው። መድረኩን ይሻገሩት እንጂ አይርገጡት። ሐውልት ላይ መውጣት፣ አቅፎ መቀለድ አይታሰብም። የሰው ራስ፣ የልጅም ቢሆን፣ አይዳበስም፤ እኛ ልጅ ስናይ እጃችን ወደ ራሱ ስለሚሄድ ይህ ሊያመልጥዎት ይችላል። ሴት መነኩሴን አትነካም፣ ዕቃም ከእጅ ወደ እጅ አታቀብለውም፤ ጀልባ ላይ አጠገቡ መቀመጥም የለባትም። መነኮሳቱ ከእኩለ ቀን በኋላ እስከ ማግሥቱ ምግብ አይቀምሱም። እኛ በጾም እስከ 9 ሰዓት እንቆያለን፤ እነሱ በተቃራኒው በጊዜ በልተው ከቀትር በኋላ ይጾማሉ።

ንጉሡን የሚመለከት ቀልድ ግን በጨዋታም አያምጡ። የታይላንድ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 112 ንጉሡን፣ ንግሥቲቱን፣ አልጋ ወራሹን ወይም እንደራሴውን የዘለፈ ሰውን በአንድ ድርጊት ከ3 እስከ 15 ዓመት እስራት ይቀጣል፣ ለውጭ ዜጋም አይራራም። የንጉሡ መልክ ስላለበት የወደቀ ሳንቲምን እንኳ በእግር አያስቁሙ። ማስታወሻ ይሁነኝ ብለው የቡድሃ ሐውልት ከገዙ ደግሞ ከአገር ለማውጣት የሥነ ጥበብ መምሪያው ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የሸጠልዎት ነጋዴ ይህን ላይነግርዎት ይችላል።

የሚበላው

ጾም ላይ ከሆኑ ታይላንድ ታስቸግራለች ብለው አይስጉ፤ ብልሃቱን ማወቅ ነው። የአትክልት ወጥ የሚመስለው ሁሉ የዓሣ መረቅ ወይም ሽሪምፕ አለበት። እርስዎ 17 ቁጥርን የሚመስል ቀይ ጽሑፍ ያለበትን ቢጫ ባንዲራ ይፈልጉ። ጄ ይባላል፤ ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላልና ወተት የሌለበት የቡድሂስቶች የጾም ምግብ ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትም ስለማይገባበት ጣዕሙ ለኛ ምላስ ትንሽ ይገርማል። ለሙስሊም ተጓዥ ሐላል የሚል ምልክት ያላቸው ቤቶች አሉ፤ ቶንቡሪ ራሱ የቆዩ የሙስሊም ሰፈሮች አሉበት፣ ከባንኮክ ጥንታውያን መስጊዶች አንዱ የሆነው ቶንሶንም ከገዳሙ በእግር የሚደረስ ነው።

ማታ

ቀኑን እንደፈለጉ ያሳልፉ። ተሻግረው ዋት ፖ የተጋደመውን 46 ሜትር ቡድሃ በ300 ባት ማየት ይችላሉ፣ ያዋጣል። ዋናውን ቤተ መንግሥት ግን ለሌላ ቀን ይተዉት፤ 500 ባት ነው፣ ትኬት መሸጫውም ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ይዘጋል፣ ሁለቱን በአንድ ቀን የሞከረ ሰው አንዱንም አያስታውሰውም።

ከምሽቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ግን ምሥራቁ ዳርቻ ላይ ይገኙ። ፀሐይ ከግንቡ ጀርባ ስለምትገባ ጠዋት በቀለም የደመቀው ሁሉ ጥቁር ቅርጽ ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ሲመሽ መብራት ይበራለትና ወርቅማ ይሆናል። ታ ቲየን አካባቢ ባሉ ቀጫጭን መተላለፊያዎች ውስጥ ሰገነት ያላቸው ምግብ ቤቶችና ካፌዎች ተደርድረዋል። ዋጋቸው ለዕይታው ነው እንጂ ለምግቡ አይደለም፤ ፊት ለፊት ያለው ወንበርም ቀድሞ ካልተያዘ አይገኝም። ገንዘቡን ማውጣት ካልፈለጉ ከታ ቲየን በስተሰሜን ናጋራፒሮም የሚባል የወንዝ ዳር መናፈሻ አለ፤ በነፃ ነው። ልክ 12 ሰዓት ሲል ብሔራዊ መዝሙር ከተሰማ ሰዉ ሁሉ ይቆማል፣ እርስዎም ይቁሙ።

ጊዜ አጥሮዎት አንዱን ብቻ መምረጥ ግድ ከሆነ ጠዋቱን ይምረጡ። የሸክላውን ሥራ ከቅርብ ካልሆነ በምንም አያገኙትም፤ ማታውን ግን በሕዝብ ጀልባ ሲያልፉ እንኳ ከመስኮት ሊያዩት ይችላሉ።